አንድ ኩባያ ሆራ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቀውም። የንስሐ አባቴም አያውቁትም። እሳቸው ከፊቴ ተቀምጠው «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ፣ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ የገደፍኩትን ጾም ሁሉ እዘረዝርና ይህን አንዱን ዘልዬ፣ መስቀል ተሳልሜ እወጣለሁ። ምን ብዬ ልጀምርላቸው? «አባ፣ ዓሣ ገድያለሁ» ብላቸው፣ የዋህ ሰው ናቸውና ስቀው ይባርኩኛል። ዓሣ መግደል ምን ኃጢአት አለው? የእኔ ግን ከዓሣ ነው የሚጀምረው። እናንተም መሳቅ ካማራችሁ አሁኑኑ ሳቁ፤ ኋላ የሚያስቅ ነገር የለም።

ስሜ ደረጀ ነው። ሮቤ ገበያው አጠገብ የእንስሳት መድኃኒት ቤት አለኝ፤ የትል መድኃኒት፣ የመዥገር መርጫ፣ የዶሮ ቫይታሚን እሸጣለሁ። ነስረዲን የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ግቢያችንን የሚለየው አንድ አጥር ነበር፤ እሱንም እኛው እየሾለክን ቀዳዳ በቀዳዳ አድርገነዋል። አባቴ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ስለሞተ፣ የነስሩ አባት ሐጂ ኡስማን አባት ሆኑኝ። ለነስሩ ጫማ ሲገዙ ለእኔም ይገዛሉ፤ ነስሩን በአርጩሜ ሲያባርሩ እኔንም አይምሩኝም። የእኛን የፋሲካ በግ እንኳ መርጠው የሚገዙልን እሳቸው ነበሩ። ሐጂ ለክርስቲያን ፋሲካ በግ ሲመርጡ እያየ የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ እናቴ ግን «እሳቸው የመረጡት በግ ከስቶ አያውቅም» ትል ነበር። «ኢልማ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ላሳዝናችሁ አይደለም። ማንን እንደበደልኩ እንድታውቁልኝ ነው።

ነስሩና እኔ ዩኒቨርሲቲው መንገድ ላይ ጁስና ኬክ ቤት እንከፍታለን እያልን ስንት ዓመት አወራን። አብረን ነበር የምንለው፤ ሁልጊዜ አብረን። የዓሣው ሐሳብ የእኔ ነው። መድኃኒት ላመጣ አዲስ አበባ በሄድኩበት ጊዜ አንድ ክሊኒክ ውስጥ በመስታወት ገንዳ የሚዋኙ ዓሣዎች አየሁ፤ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሕመሙን ረስቶ እነሱን ያያል። «ሮቤ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ማን አለው?» አልኩት ነስሩን። ዓይኑ በራ። ገንዳውን እኔ አስጫንኩ፤ ማሞቂያውንና ማጣሪያውን እኔ መረጥኩ። በዓሣዎቹ ግን ማንንም አላመንኩም። ውሃና አየር በተሞላ ፌስታል አድርጌ ጃኬቴ ውስጥ ያዝኳቸው። የአውቶቡሱ ረዳት ሆዴን አይቶ «ወንድሜ፣ እርጉዝ ነህ እንዴ?» ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀብኝ። ዲንሾ ላይ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ሲገባ፣ እኔ እየተንቀጠቀጥኩ ፌስታሎቹን ከሆዴ ጋር አጣብቄ ያዝኩ። ሮቤ ስደርስ አንድም አልሞተም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ቤቱ የተከፈተ ዕለት ሽማግሌዎች ዱዓ አደረጉ፤ ነስሩም ተነሥቶ እንግዶቹን አመሰገነ። ከዚያ የሚስቱን ወንድም ትከሻ አቅፎ፣ «ሸሪኬ ይኸው ነው፤ ቤቱ የሁለታችን ነው» አለ። እኔ የዓሣውን ምግብ በእጄ ይዤ ገንዳው አጠገብ ቆሜያለሁ። ወደ እኔ ዞረና፣ «ደሬ ደግሞ ዓሣውን ያመጣልን ልጅ ነው» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ለራሴ አጨበጨብኩ።

ለብቻው ሳገኘው ጠየቅሁት። «ምን ላድርግ ደሬ? ሚስቴን እንዴት እምቢ ልበላት?» አለኝ። «አንተ እኮ ወንድሜ ነህ። ይረዳኛል ብዬ ነው።» እስቲ ፍረዱ። ወንድም የሆንኩት ለመከዳት ነው? ባዳ ብሆን ኖሮ ያፍረኝ ነበር፤ ይፈራኝም ነበር። ወንድም በመሆኔ ግን ሳይነግረኝ ጥሎኝ ሄደ፤ ይባስ ብሎ እንድረዳው ጠበቀ። ተከዳሁ። ልቤ እንደዚያ ቀን ተቆርጦ አያውቅም። ግን አልጮህኩም፣ አልተጣላሁም። «ገብቶኛል፣ ችግር የለም» አልኩና የአቮካዶ ጁሴን እስከ መጨረሻው ጠጥቼ ወጣሁ። በቅጡ ተጣልቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናዘዘው ነገር ባልኖረኝ ነበር።

ሐጂ ያን ጊዜ እግራቸው ደክሞ፣ ከብቶቻቸውን ሸጠው፣ ከተራራው ሥር፣ እኛ ካደግንበት መንደር ወርደው ልጃቸው ቤት ተቀምጠዋል። ዕድሜ ልካቸውን ከብት ያረቡ ሰው ናቸው፤ ከየገጠሩ ሰው እየመጣ «ላሜ ታማለች፣ በእጅዎ ይዩልኝ» የሚላቸው። ከተማ ሲገቡ የሚያዩት አጡ። ነስሩ አንድ ወንበር ገንዳው ፊት አደረገላቸው፤ ከዚያ ወዲያ ከዚያ ወንበር የሚያነሣቸው ሶላት ብቻ ሆነ። ዓሣዎቹን እንደ ከብት በመልካቸው ስም አወጡላቸው። ነጠብጣቧ «ቡሬ»፣ ቀዩ «ዲማ»፣ ጥቁሩ «ጉራቻ»። ታች ጠጠሩ ላይ ከሁሉም ኋላ እየዞረ የሚለቃቅም ትንሽ አምባዛ ነበር፤ እሱን «ጠባቂያቸው» ይሉታል። ጠዋት ስገባ «አካም ቡልቴ ኢልማ ኮ? ና፣ መንጋህን እይ» ይሉኛል። መንጋህን ነው የሚሉት። በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ነገር የእኔ መሆኑን ያስታወሱ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሕመሙንም መጀመሪያ ያዩት እሳቸው ናቸው። «ቡሬ ጎኗን ከድንጋዩ ጋር ታሻሻለች። ከብት ሲያሳክከው አውቃለሁ፤ ጥገኛ ይዟታል» አሉ። ቀረብ ብለን ስናያት ክንፏ ላይ ጨው የተነሰነሰባት ይመስል ነጫጭ ነጥብ ወጥቶባታል። በማግስቱ ዲማም ላይ፣ ጉራቻም ላይ ታየ። ነስሩ እየሮጠ ሱቄ መጣ፤ የእንስሳት መድኃኒት የምሸጥ እኔ፣ ዓሣ ሻጩንም የማውቀው እኔ። አዲስ አበባ ደውዬ በስልኬ ፎቶውን ላክሁለት።

ሻጩ ደግ ሰው ነው፤ ሁሉንም አስረዳኝ። በዓይን የማይታይ ጥገኛ ነው፤ አንዱ ከያዘ ሁሉንም ይይዛልና አንዱን ለይቶ ማከም ዋጋ የለውም፣ ገንዳው በሙሉ ይታከማል። ማጣሪያው ውስጥ ያለው ከሰል መድኃኒቱን ስለሚመጠው አውጡት። ሙቀቱን ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ የሞቀ ውሃ አየር ስለሚያንሰው የአየር መንፊያውን አጠንክሩት። አምባዛው ቅርፊት ስለሌለው ሙሉው መጠን ይጎዳዋል፤ ለእሱ ሲባል ግማሹን ጨምሩ። እኔም ጨው ይሆናቸው እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ጥቂት ጨው አይጎዳቸውም፣ እንዲያውም እሱም መድኃኒታቸው ነው አለኝ። በመጨረሻ አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ። ነጥቡ ሲጠፋ እንዳትታለሉ አለ። ነጥቡ ጠፋ ማለት ጥገኛው አድጎ ከዓሣው ላይ ወደ ጠጠሩ ወደቀ ማለት ነው። እዚያ ይራባል፣ ከዚያ እንደ አሸዋ በዝቶ ይመለሳል። መድኃኒቱ የሚገድለው ውሃው ውስጥ ሲዋኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ዓሣዎቹ የዳኑ ሲመስሉም ቀጥሉ አለኝ። ስልኩን ሊዘጋ ሲል ደግሞ ደገመልኝ።

ሰምቻለሁ። በደንብ ሰምቻለሁ። ይህን ያዙልኝ።

መድኃኒቱ በአውቶቡስ መጣ። እኔም በየቀኑ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት ወደ ነስሩ እሄዳለሁ። እሱ ውሃ ይቀዳል፣ እኔ መድኃኒቱን እለካለሁ፣ ሐጂ ከወንበራቸው ያዝዙናል። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ እንጠቀልለዋለን። እውነቱን ልናገር፣ እነዚያ ቀናት ደስ ይሉ ነበር። ነስሩና እኔ እንደ ድሮው እየተቀላለድን፣ እየተገፈታተርን። ቂሜን ልረሳው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ከዚያ ነጥቡ ጠፋ። ቡሬ እንደ አዲስ አብረቀረቀች። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ለተገኘው ተማሪ ሁሉ ጁስ ጋበዙ። ነስሩ መድኃኒቱን ይዞ «ደሬ፣ እንቀጥል ወይስ ይበቃል?» አለኝ። አፌን ከፍቼ ነበር። ቀጥል ልለው ነበር፣ እምላለሁ። በዚህ መሐል የሚስቱ ወንድም ከባንኮኒው ኋላ፣ «ኧረ ይብቃው! ውሃውን ሰማያዊ እያደረገ ደንበኛ አባረረብን። ዓሣ አምጣ ቢሉት ሐኪም ሆኖ ቀረ» አለ። ነስሩ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። ከሸሪኩ ጋር ላለመጋጨት የሚሳቅ ሳቅ ነው። ግን ሳቀ።

እኔም «ይበቃል» አልኩት። «ድነዋል። አቁም፣ ሙቀቱንም ወደ ቦታው መልሰው።»

ይኸው ነው የሠራሁት። መርዝ አልጨመርኩም፣ መስታወት አልሰበርኩም። አንድ ቃል ነው የተናገርኩት። ተሳስቼ ነው? አልተሳሳትኩም። ረስቼ ነው? ስልኩ አሁንም ጆሮዬ ላይ ያለ ያህል አስታውስ ነበር። በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ከሆዴ ጋር አጣብቄ ያመጣኋቸውን ዓሣዎች እኔው ለሞት አሳልፌ ሰጠኋቸው፤ የሰጠኋቸውም ነስሩ ሳቀ ብዬ ነው። እስከዚህ ድረስ ግን ራሴን እንዲህ እያልኩ አጽናናው ነበር፤ ከዳኝ፣ ከዳሁት። ክፋቱ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይህን አልጽፍም ነበር።

ደሎ መና ዕቃ አደርሳለሁ ብዬ ጠፋሁ። እኔ በሌለሁበት አንድ የሐጂ ዘመድ ከተራራው ሲወርድ በጄሪካን ሆራ አመጣላቸው። ሆራን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከመሬት የሚፈልቅ ጨዋማ ውሃ ነው። የባሌ ሰው ከብቱን እየነዳ ወስዶ ያጠጣዋል፤ የሆድ ትሉን ያስጥልለታል፣ ጠጉሩን ያለሰልስለታል ይላል። ሐጂ በእድሜያቸው ሙሉ ከሕመም የተነሣ ከብት ሆራ ሳያጠጡ ቀርተው አያውቁም። አሁንም መንጋቸው ከሕመም ተነሥቷል። አንድ ኩባያ ቀድተው፣ ቢስሚላህ ብለው፣ ገንዳው ውስጥ ጨመሩላቸው። ምን ያድርጉ? ያላቸውን ሰጡ።

ነስሩ ሲደውልልኝ ድምፁ አይለይም ነበር። ስደርስ ነጥቡ ተመልሷል፤ ያሁኑ ነጥብ ብቻ አልነበረም፣ ዓሣዎቹ ዱቄት የለበሱ መስለዋል። ጉራቻ በጎኑ ተንሳፍፏል። ጠባቂያቸው ጠጠሩ ላይ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። የሚስቱ ወንድም ጄሪካኑን ከፍ አድርጎ ለደንበኛው ሁሉ እያሳየ፣ «ይኸውላችሁ! ሽማግሌው የከብት ውሃ ጨምረውባቸው ነው!» ይላል። ነስሩ፣ አባቱ ፊት ቀና ብሎ የማያውቀው ነስሩ፣ በሰው መሐል «አባ! ምን አደረጉ? ማን ጨምሩ አለዎት?» ብሎ ጮኸባቸው።

ሐጂ ልጃቸውን አላዩትም። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው እኔን አዩኝ። ሌላው ሁሉ ሲጮህ እሳቸው ፍርዱን ለእኔ ተዉት።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ። «አንተ ታውቃለህ። በሆራው ነው?»

አውቅ ነበር። ጨው እንደማይጎዳቸው ሻጩ ነግሮኛል። በዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ አንድ ኩባያ ሆራ ምንም እንደማያደርግ አውቅ ነበር። ምናልባትም ቤቱ ውስጥ ለእነዚያ ዓሣዎች የሚበጅ ነገር ያደረገ ሰው ቢኖር ሐጂ ብቻ ናቸው። «አይደለም ሐጂ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መድኃኒቱን አስቁሜ ነው» ማለት ምን ይከብዳል? ሰው ሁሉ ያየኛል። ነስሩ ያየኛል። ለምን አስቆምክ ይለኛል። ምን ልመልስለት?

«ሐጂ» አልኳቸው፣ «ሆራ ለዓሣ አይሆንም።»

ብልጠቴን ተመልከቱልኝ። በሆራው ነው አላልኩም። ውሸት እንኳ በወጉ አልዋሸሁም። የተጠየቅሁትን ሳልመልስ፣ ሌላ ነገር ተናግሬ ሽማግሌውን ጥፋተኛ አደረግኋቸው። እሳቸው «እሺ» አሉ። ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ፣ ነስሩ ሊደግፋቸው ቢሄድ በእጃቸው ከለከሉትና ቀስ እያሉ ወጡ። ወደዚያ ወንበር አልተመለሱም።

ከዳተኛ ማለት ማን ነው? ነስሩ ከድቶኛል፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፣ አልክደውም። ግን ነስሩ ሲከዳኝ ቢያንስ አፍሯል፤ ዓይኔን ማየት አቅቶት ወለሉን እያየ ነው የተናገረው። እኔ ሐጂን የከዳኋቸው ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ነው። እሳቸው ምን አድርገውኝ? ጫማ ገዝተውልኝ? መንጋህን እይ ብለውኝ? በልጁ የያዝኩትን ቂም አባት ላይ የተወጣሁት እኔ ማን ነኝ?

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ስሙ። ከገጠር ሰው እንደ ድሮው «ጥጃዬን ይዩልኝ» እያለ ሲመጣ ሐጂ እጃቸውን ወደ ነጠላቸው ውስጥ ይሰበስባሉ። «እጄ ከድቶኛል። በእጄ ከብት አልነካም። ወደ ደረጀ ሂዱ፣ እሱ ያውቃል» ይሏቸዋል። ሰዎቹም እየጠየቁ ሱቄ ይመጣሉ። «ሐጂ ኡስማን ልከውን ነው» ይሉኛል። እኔም ተቀብዬ አስተናግዳለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ «ተመለሱና እጅዎ ደኅና ነው በሏቸው» አላልኩም። መንገድ ላይ ሳገኛቸው እጄን ይዘው ስለ እናቴ ይጠይቁኛል። እኔ እጃቸውን አያለሁ።

ዓመታት አለፉ። ሐጂ ታመው ተኙ፤ መነሣት እንደማይችሉ ሲያውቁ፣ እንደ ደንባቸው ሰው እያስጠሩ አፉ በሉኝ ማለት ጀመሩ። አፉ በለኝ፣ የበደልኩህን ተውልኝ ማለት ነው። ጎረቤቱን፣ ድንበርተኛውን፣ በግ የሸጡለትን ነጋዴ ሳይቀር። ነስሩ ደወለልኝ፤ «አባ አንተን አምጡልኝ እያሉ ነው» አለኝ። ስሄድ ክፍሉ በሰው ተሞልቷል። ነስሩ እግራቸው ሥር ተቀምጧል። ሐጂ እጄን ያዙ፤ እጃቸው ቀልሏል።

«ኢልማ ኮ» አሉ፣ እያረፉ። «ያን ጊዜ መድኃኒትህን በውሃዬ አበላሸሁብህ። በዚያ ብርድ በሆድህ አሙቀህ ያመጣሃቸውን ገደልኩብህ። አንተ ግን አንድም ቀን ፊትህን አላጠቆርክብኝም። ወላሂ፣ ከልጄ እንኳ ያላየሁት ነው። አፉ በለኝ።»

ስንት ጊዜ ነው ዕድል የሚሰጠው ሰው? ይኸው፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኛል። «ሐጂ፣ እርስዎ አይደሉም» ብል አንድ ትንፋሽ ነው። እጃቸው ንጹሕ እንደሆነ አውቀው ይሞቱ ነበር። ሰው ግን ሞልቷል። ነስሩ እንባ ባቀረረ ዓይኑ ያየኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ባላየሁት ዓይነት ፍቅር ነው የሚያየኝ። ያን ፍቅር ላጣው አልፈለግሁም። ተከድቼ ያጣሁት ወንድሜ ተመልሶልኛል፤ የተመለሰልኝ ደግሞ በአባቱ ጥፋት፣ በእኔ ትዕግሥት ነው ብሎ አምኖ ነው።

«አፉ ብያለሁ ሐጂ» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንድ ሽማግሌ ከበስተኋላዬ «ደግ ልጅ ነው» ሲል ሰማሁ። ነስሩ ተነሥቶ አቀፈኝ። ሐጂ ሌሊቱን አረፉ፤ በማግስቱ ቀበርናቸው፤ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ።

እናንተ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተን አልበደልኩም፤ ይቅርታችሁም የሚያነሣልኝ ነገር የለም። ነስሩ ይህን ካነበበ ያውቀኛል፤ ያድርገኝ እንደፈለገ። ሳቀብኝ፣ ከዳኝ፣ ተቃጠልኩ እያልኩ ምክንያት አልደረድርም፤ ያ ሁሉ እውነት ነው፣ አንዱም ግን ሐጂን አይመለከትም። ይቅርታ ልጠይቃቸው የሚገባኝ ሰው፣ እጄን ይዘው እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔም ይቅር አልኳቸው።